መርከብ ላይ ቪፒኤኑ እንቢ ሲል፦ የአንድ ቤተሰብ የባሕር ጉዞና የኢንተርኔት ጣጣው

ለምን ይህ ጉዳይ

በመዝናኛ መርከብ ላይ ስላለ ኢንተርኔት ለሚጠይቅ ሰው ድሮ መልሱ አጭር ነበር፦ ውድ ነው፣ ይንቀራፈፋል፣ እርሳው። አሁን እንደዚያ ብሎ ማለፍ አይቻልም። የመዝናኛ መርከብ ኩባንያው ሮያል ካሪቢያን እ.ኤ.አ. በ2022 ስታርሊንክ የተባለውን የሳተላይት ኢንተርኔት በመርከቦቹ ላይ እንደሚያስገባ ካስታወቀ ወዲህ ሌሎቹም ተከትለዋል። ሰውም ይህን ሰምቶ ላፕቶፑን ይዞ ይሳፈራል። ቢሮም፣ ፊልምም፣ ኳስም ከመርከብ ይሆናል ብሎ።

እዚህ የምጽፈው አንድ ቤተሰብ እንዲሁ አስቦ ተሳፍሮ የገጠመውን ነው። ሥራዬ ኔትወርክ ስለሆነ በጉዞው ሁሉ በጽሑፍ መልእክት ይጠይቁኝ ነበር። መልእክቶቹን በፈቃዳቸው መልሼ አንብቤ ነው ይህን ያሰናዳሁት። የእነሱንም የመርከቡንም የኩባንያውንም ስም አልጠቅስም። ጉዳዩ ልመዘግበው የሚገባ የመሰለኝ ብልሽቱ ስለበዛ አይደለም። ሁሉም ነገር «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ተብሎ በአንድ ስም ይጠራ ነበር፤ ከሥሩ ግን እርስ በርስ የማይገናኙ በርካታ ችግሮች ነበሩ። አንዱን ለመፍታት የተደረገው ሌላውን ያባብስ ነበር።

ሰዎቹና የያዙት

እናት፣ አባትና ሁለት ልጆች ናቸው። እናትየዋ የሂሳብ ባለሙያ ናት። ከጉዞው የተወሰኑ ቀናት መርከብ ላይ ሆና እንድትሠራ ቢሮዋ ፈቅዶላታል፤ የቢሮው ፋይሎች የሚከፈቱት ግን በቢሮው ቪፒኤን ብቻ ነው፤ ቪፒኤን ማለት ዳታህን መስጥሮ በሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፍ መንገድ ነው። አባትየው የሚፈልገው ኳስ ማየት ነው። ልጆቹ አሥራዎቹ ውስጥ ናቸው፣ የሚፈልጉት ይታወቃል።

ከመሳፈራቸው በፊት ሁለት ፓኬጅ ገዙ። አንደኛው ርካሹ ነው፤ ለመልእክትና ድረ ገጽ ለማየት የሚሆን። ሁለተኛው ስትሪሚንግ (ፊልም ሳያወርዱ በቀጥታ ማየት) የሚፈቅደው ውዱ ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ አንድ መሣሪያ ብቻ ያገናኛሉ፤ አንዱ ሲወጣ ነው ሌላው የሚገባው። ቀድሞ መግዛት መርከብ ላይ ከመግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ እዚህ ላይ ጎብዘዋል። ታናሹ ልጅ ደግሞ በራሱ ሐሳብ ትንሽ የጉዞ ራውተር ሻንጣው ውስጥ ከቶ ነበር። አንዱን ፓኬጅ ለሁሉም ሊያከፋፍልበት ነው። ራውተሩ ፍተሻ ላይ ተያዘ፤ የተመለሰለትም ጉዞው ሲያልቅ ነው። ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች ራውተርና የሳተላይት ሳህን ከተከለከሉ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባሉ። ዝርዝሩን ከመሳፈሩ በፊት የሚያነበው ሰው ግን ጥቂት ነው።

መርከቡ ኢንተርኔቱን ከየት ያመጣዋል

ቀጥሎ የሚመጣው እንዲገባን ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። ባሕር መሃል ኬብል የለም፤ ሁሉም ነገር በሳተላይት ነው የሚያልፈው። ሳተላይት ሲባል ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። የድሮዎቹ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ከስልክህ የወጣ ጥያቄ ወደ ሳተላይቱ ይወጣል፣ ወደ ምድር ይወርዳል፣ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ደርሶ መልሱ 600 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ብርሃን ራሱ ከዚህ ብዙም አይፈጥንም፣ ስለዚህ የትኛውም ፓኬጅ አያሳጥረውም። ስታርሊንክ ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በታች ስለሚዞር ደርሶ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በታች ነው። በመሃል 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚዞሩም አሉ።

የዚህ ቤተሰብ መርከብ ከአንድ በላይ ዓይነት ይጠቀም ነበር። በአንዱ ሲሄድ ይቆይና ወደ ሌላው ይቀየራል። ምክንያቱ አንዳንዴ የፈቃድ ጉዳይ ነው። ስታርሊንክ ፈቃድ ባላገኘበት አገር የባሕር ክልል ውስጥ መርከቡ ወደ ሌላኛው ሳተላይት መዞር አለበት። አንዳንዴም እይታ ነው። ከምድር ወገብ በላይ የቆመው ሳተላይት 60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ሆነህ ስታየው ከአድማስ በላይ 22 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። መርከቡ ፊዮርድ (በተራሮች መሃል የገባ ጠባብ የባሕር ወሽመጥ) ውስጥ ሲገባ ተራራው ይጋርደዋል። ተሳፋሪው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስልኩ ላይ ያው የዋይፋይ ምልክት፣ ያው ሙሉ መስመር ነው የሚታየው። እነዚያ መስመሮች የሚያሳዩት ስልኩና ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው መሣሪያ መገናኘታቸውን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ማታ

መርከቡ ከወደብ ሳይርቅ የመጀመሪያው መልእክት መጣ። «ዋይፋዩ ይገናኛል፣ ግን የመግቢያ ገጹ አልመጣ አለ።»

የእናትየዋ ላፕቶፕ ላይ የቢሮው ቪፒኤን ዋይፋይ ባገኘ ቁጥር ራሱ እንዲነሳ ተደርጎ ነበር። ኪል ስዊች የሚባለውም በርቷል፤ ቪፒኤኑ ካልተገናኘ ሌላ ምንም ነገር እንዳያልፍ የሚቆልፈው ማለት ነው። መርከቡ ደግሞ ገጹ ላይ ካልገባህ ምንም አያሳልፍም። ቪፒኤኑ ኢንተርኔት እስኪያገኝ ይጠብቃል፣ መርከቡ ቪፒኤኑ እስኪጠፋ ይጠብቃል። ሁለቱም እየተጠባበቁ ሊነጋ ይችላል። ቪፒኤኑን ከነኪል ስዊቹ አጥፍታ ገጹ ላይ ገባች፣ ከዚያ መልሳ አበራችው። ይህ ተፈታ።

የአባትየው ስልክ ላይ ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ነው። ማስታወቂያ ለመከልከል ብሎ ቤት ሳለ የስልኩን ፕራይቬት ዲኤንኤስ ወደ አንድ አገልግሎት አዙሮት ነበር፤ ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው ነው። መርከቡ ገጹን የሚያመጣው የዲኤንኤስ ጥያቄህን ጠልፎ ነው፤ ጥያቄው ተመስጥሮ ሌላ ቦታ ሲሄድበት ገጹ አይመጣም። ወደ አውቶማቲክ ሲመልሰው ገጹ በአንድ ጊዜ ተከፈተ።

ታላቂቱ ልጅ ጋ ያለው ለየት ይላል። አንድ ጊዜ ገብታ ወጣች፣ ስትመለስ ግን «ፓኬጁ በሌላ መሣሪያ ላይ ነው» አላት። አዳዲስ ስልኮች ለእያንዳንዱ ዋይፋይ የሐሰት መታወቂያ አድራሻ ይፈጥራሉ፤ ማንም እንዳይከታተላቸው ነው። አንድሮይድ ከ10ኛው፣ አይፎን ከ14ኛው ሥሪት ጀምሮ ይህን በራሳቸው ያደርጋሉ። እሷ ያንን ሴቲንግ አንዴ ስትከፍት አንዴ ስትዘጋ ለመርከቡ ሁለት የተለያዩ ስልኮች ሆና ታየች። ለመርከቡ ዋይፋይ ብቻ ዘግታ እንድትተወው ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

የቢሮው ቪፒኤን

ዋናው ጣጣ ይኸኛው ነው፣ ብዙ የምቆየውም እዚህ ነው።

እናትየዋ መጀመሪያ ቪፒኤኑን የሞከረችው ርካሹ ፓኬጅ ላይ ነው፤ ውዱን ልጆቹ ይዘውት ነበር። ጭራሽ እንቢ አለ። «መርከቡ ቪፒኤን ከልክሏል» ብላ ለአለቃዋ ልትጽፍ ስትል ቆይ አልኳት። ውዱን ፓኬጅ ከልጆቹ ተቀብላ ሞከረች። ተገናኘ። ብዙ መርከቦች ቪፒኤንን የሚከለክሉት በፓኬጅ ደረጃ ነው፤ ቪፒኤን ውስጥ ያለው ነገር ፊልም ይሁን ኢሜይል ስለማይታያቸው በርካሹ ፓኬጅ ፊልም እንዳይታይ በጅምላ ይዘጉታል። ይህንን ለማወቅ አንድ ሙከራ በቂ ነበር፤ ያለሱ ግን ሥራዋ በመጀመሪያው ቀን ባበቃ ነበር።

ተገናኘ ማለት ግን ሠራ ማለት አይደለም። ምልክቱ አረንጓዴ ነው። የኢሜይሉ ዝርዝር ይመጣል፣ ርእሶቹ ይነበባሉ። አባሪ ፋይል ስትከፍት ግን ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ምንም የለም። የቢሮው የሂሳብ ሲስተም የመግቢያ ገጹን ያሳያል፣ ፓስወርዱን ይቀበላል፣ ከዚያ ነጭ ገጽ። ቪፒኤኑ ሲጠፋ ሌላው ኢንተርኔት ሁሉ ደህና ነው።

ትንሹ ነገር አልፎ ትልቁ ሲቀር የፓኬቱን መጠን መጠርጠር ነው። ዳታ የሚጓዘው ተቆራርሶ ነው፤ አንዱ ቁራጭ (ፓኬት) ብዙውን ጊዜ እስከ 1,500 ባይት ይደርሳል። ቪፒኤኑ በላዩ ላይ የራሱን መጠቅለያ ይጨምራል። የእሷ ቢሮ የሚጠቀመው ዋየርጋርድ የተባለውን የቪፒኤን ዓይነት ነው፤ ዋየርጋርድ ለመጠቅለያው ቦታ ትቶ ውስጡ ያለውን ቁራጭ በተለምዶ 1,420 ላይ ያቆመዋል። የሳተላይቱ መንገድ ግን መሃል ላይ ከዚህ የጠበበ ቦታ ነበረው። ያልሾለከው ቁራጭ በዝምታ ይጣላል፤ ላኪው መውደቁን የሚነግረው የለም፣ ደጋግሞ ይልካል።

የቢሮዋ የአይቲ ሰው አዲስ የቪፒኤን ፋይል ላከላት። ከድሮው የሚለየው በአንድ መስመር ብቻ ነው፦ ኤምቲዩ 1280። ኤምቲዩ የአንዱ ቁራጭ ትልቁ መጠን ነው። ነጩ ገጽ ሞላ፣ አባሪው ተከፈተ። እኔ በበኩሌ ስንት ሰው ይህን ምልክት አይቶ «የመርከብ ኢንተርኔት ደካማ ነው» ብሎ ላፕቶፑን እንደሚዘጋ አስባለሁ።

ሁለት ቀን በሰላም ሠራች። ከዚያ አንድ ጠዋት ሁሉም ነገር ተጎተተ። በርቀት የምትከፍተው የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ፊደል ስትጫን ለመታየት አንድ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ቪፒኤኑ ተበላሸ ብላ ሴቲንግ ልትነካካ ነበር። በመጀመሪያ ፒንግ (የደርሶ መልሱን ጊዜ) እንድትለካ ጠየቅኋት፤ ቪፒኤኑን ዘግታ። ባለፈው 70 ሚሊሰከንድ ገደማ የነበረው ከ640 በላይ ሆኗል። መርከቡ ሌሊት ሳተላይት ቀይሯል ማለት ነው። ቪፒኤኑ ከደሙ ንጹሕ ነበር።

እዚህ ላይ ለብዙ ሰው ግራ የሚሆን ነገር አለ። በዚያው ቀን ቪፒኤን ያልከፈተው አባትየው ያለ ብዙ ችግር ድረ ገጽ ያያል፣ እሷ ግን ቪፒኤን ስትከፍት አንድ ፋይል ማውረድ አልቻለችም። ርቀቱ የሁለቱም አንድ ነው። ልዩነቱ ከወዴት መጣ? መደበኛ የኢንተርኔት ግንኙነት ጥቂት ልኮ «ደርሷል» የሚል ምላሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሌላ ይልካል። በ600 ሚሊሰከንድ ርቀት ላይ ይህ መጠባበቅ ፍጥነቱን ይገድለዋል። ስለዚህ የሳተላይት ኩባንያዎች በሁለቱም ጫፍ መሣሪያ ያስቀምጣሉ፤ መሣሪያው ሳይጠብቅ በቅርብ ሆኖ «ደርሷል» እያለ ይመልሳል። ቪፒኤን ሲበራ ግን ሁሉም ነገር ታሽጎ ስለሚያልፍ መሣሪያው የሚመልስለትን ነገር አያይም። እርዳታው ይቀራል። በሩቁ ሳተላይት ላይ ቪፒኤን ከሌላው ጊዜ ሁሉ በላይ የሚከብደው ለዚህ ነው። «ቪፒኤን ኢንተርኔት ያፈጥናል» የሚለው ወሬ ቢያንስ እዚህ ላይ ተቃራኒው ነው እውነቱ።

ከአይቲ ሰውዬው ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። በርቀት የሚከፈተው ኮምፒውተር ይቅር። የምትሠራባቸውን ፋይሎች በተመሰጠረው የቢሮ ላፕቶፕ ላይ አውርዳ እዚያው ትሥራ፣ የሠራችውን ብቻ ትላክ። በቪፒኤኑ ውስጥ የሚያልፈው ወደ ቢሮ የሚሄደው ብቻ ይሁን፤ ስፕሊት ተነሊንግ የሚሉት ነው። ስብሰባ ላይ ካሜራ የለም፣ ድምፅ ብቻ። መላኪያ ሰዓቷን ደግሞ ተሳፋሪው ሁሉ ተኝቶ እያለ ንጋት ላይ አደረገችው። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ጠቅሟል። የአንድ መርከብ ሕዝብ ቀላል አይደለም። አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለው ግዙፉ መርከብ እስከ 7,600 መንገደኛና 2,350 ሠራተኛ ይይዛል። የእነሱ ያን ያህል አይሁን እንጂ፣ ወደብ በማይቆሙበት ቀን ማታ ሁሉም ስልኩን ሲከፍት የሚሆነው ያው ነው።

ፊልሙና ኳሱ

ልጆቹ ከመሳፈራቸው በፊት ፊልምና ተከታታይ ድራማ ዳውንሎድ አድርገው ነበር። ይህ ሐሳብ ከሁሉም የተሻለው ነው። ኔትፍሊክስ በከፍተኛ ጥራት በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት፣ በ4ኬ ደግሞ እስከ 7 ጊጋባይት ይበላል፤ ይህን ሁሉ ከሳተላይት ከመጠበቅ ቤት ላይ ማውረድ ይሻላል። ያልጠበቁት ዳውንሎድም እንደሚያልፍበት ነው። አንዳንዱ ማጫወት ከጀመርክበት ሰዓት አንሥቶ 48 ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየው። ታናሹ ብዙ ክፍሎች ላይ አንድ አንድ ደቂቃ እያየ ተወ፤ ልክ መሆኑን ሊያረጋግጥ ነበር አሉ። ባሕር መሃል ሲደርሱ ጊዜያቸው አለፈ። ማደስ ይቻላል፣ ለማደስ ግን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ውዱ ፓኬጅ ደግሞ እናቱ ጋ ነው።

በቀጥታ ማየት ሲፈልጉ ጥራቱን ዝቅ ማድረጉ ሠርቷል። ኔትፍሊክስ አፕ ውስጥ በሞባይል ዳታ ላይ ቁጠባ የሚለው አማራጭ አለ፤ በዋይፋይ ግን አይነሣም። ስለዚህ አካውንቱ ላይ በድረ ገጽ ገብተው የምስል ጥራቱን ወደ ዝቅተኛ ቀየሩት፤ በሰዓት 0.3 ጊጋባይት ገደማ ማለት ነው። በትንሽ ስልክ ላይ ይታያል፣ በትልቅ ስክሪን አያስደስትም።

ከዚያ የሚወዱት ድራማ ዝርዝሩ ውስጥ ጠፋ። አልጠፋም። ኢንተርኔቱ በሳተላይት ወርዶ ምድር ላይ የሚገናኝበት አገር ነው የአንተ አገር ሆኖ የሚታየው። መርከቡ የትም ይሁን የት፣ ለኔትፍሊክስ አንተ የምድር ጣቢያው ያለበት አገር ተመልካች ነህ። አባትየው ይህን ሲሰማ የራሱን የንግድ ቪፒኤን አውጥቶ አገሩን መረጠ። ድራማው አሁንም የለም። ኔትፍሊክስ ቪፒኤን መሆኑን ካወቀ የሚያሳየው ለዓለም ሁሉ መብት ያለውን ብቻ ነው፤ ማስታወቂያ ያለበት ርካሹ ደንበኝነት ላይማ ቪፒኤን ጭራሽ አይፈቀድም። ሌላ አገር መረጠ፣ ሌላ ሰርቨር መረጠ፣ ሌላ ፕሮቶኮል መረጠ። አልሸሹም ዞር አሉ ነው ነገሩ። የንግድ ቪፒኤኖች አድራሻ በሺዎች የሚጠቀሙበት ስለሆነ የስትሪሚንግ ድርጅቶች በቀላሉ ይለዩታል። ከውላቸውም ጋር ይጋጫል፤ እኔም ከዚህ አልፌ እንዲገፋ አላበረታታሁትም።

ኳሱም እንዲሁ ሆነ። የስፖርት ስርጭት መብት በየአገሩ የሚሸጥ ስለሆነ መቆጣጠሩ ከፊልም ይብሳል። አባትየው ሙሉ አንድ ማታ ካቢን ውስጥ ከቪፒኤን ጋር ሲታገል አመሸ። ጨዋታው ሲያልቅ ሚስቱ ከላይኛው ፎቅ መጥታ ውጤቱን ነገረችው፤ መጠጥ ቤቱ ያለው ትልቁ ስክሪን ላይ ሲታይ ነበር። መርከቦች ስፖርት የሚያሳዩበት ለባሕርና ለአየር ተብሎ የተሸጠ የራሱ ፈቃድ አለ፤ ስፖርት 24 የሚባለው ጣቢያ የሚሠራው ለአውሮፕላንና ለመርከብ ነው። ከመታገል በፊት የዕለቱን ፕሮግራም ማየት ነበር።

የባንኩ ኮድ

ይህንን ማንም አስቀድሞ አላሰበውም፣ ከሁሉም በላይ ያስደነገጠውም ይኸው ነው። በጉዞው መሃል የሚከፈል ክፍያ ነበረባቸው። ባንኩ ከማያውቀው አገር የመጣ ሰው አየ፣ ኮድ ልኬያለሁ አለ። ኮዱ በኤስኤምኤስ ነው። ስልኮቹ ሁሉ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ናቸው፤ ኤስኤምኤሱ አይደርስም።

ኤርፕሌን ሞዱን ማንሣት ቀላል ይመስላል። ግን መርከቡ የራሱ የሞባይል ኔትወርክ አለው፣ እሱም በሳተላይት የሚሠራ፣ ሮሚንጉም በጣም ውድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሮሚንግን እንደ አገር ውስጥ ያስቆጠረው ሕግ እንኳን በሳተላይት የሚሠራውን የመርከብ ኔትወርክ አይሸፍንም። ታላቂቱ ልጅ ቀደም ሲል አንድ ጊዜ ረስታ ዳታዋን ክፍት ትታው ነበር። ፎቶዎቿ ወደ ክላውድ ለመሄድ ሲንደረደሩ የስልክ ድርጅቷ የወጪ ማስጠንቀቂያ ላከላት፤ እሱ ነው ያዳናት።

አባትየው ባንኩን ያገናኘው ስልኩ ላይ ኮድ በሚፈጥር ኦቴንቲኬተር አፕ ነው። ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ ገባ። እናትየዋም ያንኑ አፕ ትጠቀማለች፤ የእሷ ኮድ ግን በተደጋጋሚ «ስሕተት» ተባለ። አካውንቱ ሊቆለፍ ነው።

ምክንያቱን ያገኘነው ስልኳን ፎቶ አንሥታ ስትልክ ነው። ካፒቴኑ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት እንደሚሄድ በማይክሮፎን ሲናገር እሷ የስልኳን ሰዓት በእጇ አስተካክላ ነበር። የሰዓት ክልሉን አልነካችም፣ ቁጥሩን ብቻ ነው የቀየረችው። ኦቴንቲኬተሩ ኮዱን የሚሠራው ከዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፣ በየ30 ሰከንዱ። ስልኳ በሱ ስሌት አንድ ሰዓት ወደፊት ስለነበር የሚሰጣት ሁሉ የአንድ ሰዓት በኋላ ኮድ ነበር። ሰዓቱን ወደ ትክክለኛው መልሳ የሰዓት ክልሉን ስትቀይር መስኮቱ ላይ የሚታየው ሰዓት ያው ሆነ፣ ኮዱ ግን በመጀመሪያው ሙከራ ተቀባይነት አገኘ።

ያልተፈታው

ሁሉም አልተሳካም። በሩቁ ሳተላይት በነበሩባቸው ቀናት የቪዲዮ ስብሰባ አልሆነም፤ ድምፁም ቢሆን ሰዎች እየተደራረቡ ያወራሉ፣ ምክንያቱም ምላሹ ዘግይቶ ነው የሚሰማው። አገር ውስጥ ብቻ የሚታየው ድራማ እስከ መጨረሻው አልታየም። ካቢናቸው መርከቡ ወደ ኋላ ጫፍ ነበር፤ ዋይፋዩ አንዳንዴ ከበሩ አጠገብ እንጂ አልጋው ላይ አይደርስም። ብረት ግድግዳ ነው፣ የሚደረግለት የለም። ወደብ ላይ ሲወርዱ ግን የየብስ ኔትወርክ ያገኛሉ፤ ትልልቅ ፋይሎቹን እናትየዋ የላከችው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነው። ይህም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የቪፒኤን ሕግ በየአገሩ ይለያያል። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ለምሳሌ ወንጀል ለመሥራት ወይም ለመደበቅ ቪፒኤን የተጠቀመ ሰው ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ይቀጣል።

ለሌላ ተጓዥ የሚሆን

ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው ትልቁ ነገር ቅደም ተከተል ይመስለኛል። እንቢ የሚለው ማን ነው? መርከቡ ነው፣ ሳተላይቱ ነው ወይስ ከወዲያ ያለው ድርጅት? ቪፒኤኑን ዘግተህ ተራ ድረ ገጽ ክፈት። ያ ካልሠራ ከመርከቡ ጋር ነው ጉዳይህ። ከሠራ ፒንግ ለካ፤ 600 አካባቢ ከሆነ ሴቲንግ መነካካት ትርፉ ድካም ነው። ፒንጉ ደህና ሆኖ አንድ አገልግሎት ብቻ እንቢ ካለ ችግሩ ከወዲያ ነው። ቤተሰቡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ሁሉም ነገር ሲቆም ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ይቀይሩ ነበር። ከዚያ የትኛው እንደጠቀመ አይታወቅም።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚሆኑት ቤት ሳለህ የሚሠሩት ናቸው። የባንክ ኮድህን ከኤስኤምኤስ ወደ ኦቴንቲኬተር አዛውር። ስልክ ድርጅትህ የዋይፋይ ጥሪ ካለው ቀድመህ አብራው፤ ባንዳንዱ ኤስኤምኤስም በዋይፋይ ይደርሳል። ፊልም ካወረድክ አትክፈተው። ለሥራ የምትሄድ ከሆነ አይቲውን ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ኤምቲዩው ዝቅ ያለ ፋይል፣ እና ዩዲፒ ቢዘጋ በቲሲፒ 443 የሚያልፍ አማራጭ። ዩዲፒና ቲሲፒ ሁለት የዳታ መላኪያ ዘዴዎች ናቸው፤ 443 የመግቢያ በር ቁጥር ነው። አንዳንድ መርከቦች ዩዲፒን ይዘጋሉ፤ 443ን ግን የሚዘጋ የለም ማለት ይቻላል፣ ድረ ገጽ ሁሉ የሚያልፍበት ነውና። የፎቶ ባክአፕና የአፕ ማሻሻያም እንዲጠፉ አድርግ፤ ርካሹን ፓኬጅ ቀስ ብለው የሚበሉት እነሱ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ እናትየዋ በራሷ ነው የጀመረችው፣ እኔ አልነገርኳትም። ግንኙነቱ በተቋረጠ ቁጥር ሰዓቱና ፒንጉ የሚታይበት የስክሪን ፎቶ ታነሣ ነበር። ጉዞው ሊያልቅ ሲል ፎቶዎቹን ይዛ ወደ ኢንተርኔት ዴስኩ ሄደች። ቅሬታ ይዘው የሚመጡት ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሁሉ «አይሠራም» ብቻ ነበር የሚሉት። የዴስኩ ሠራተኛ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየና ጭራሽ ኢንተርኔት ላልነበረባቸው ቀናት የከፈለችውን መለሰላት፤ ለቀርፋፋዎቹ ቀናት ግን ምንም አልሰጣትም። ፓኬጁ ፍጥነት ቃል አይገባም፣ ውሉም ላይ እንደዚያው ነው የተጻፈው።